የሚስተካከል ዕቃ የሚለካ እጅ ይፈልጋል

ሌላው የሠራውን ዕቃ አሻሽዬ እጠቀምበታለሁ ብሎ መነሣት ነውር አይደለም፤ የእጅ ጥበብ ሁሉ ያደገው በዚሁ መንገድ ነው። አሮጌ መኪና ገዝቶ፤ ከሥራው የተረፈችውን ሰዓትና ከደመወዙ የተረፈችውን ገንዘብ እያፈሰሰ፤ ዛሬ ፍሬኑን ነገ መሪውን የሚያድስ ወጣት በከተማችን ጥቂት አይደለም። ይህን ወጣት አንዳንዶች «ገንዘቡን ብረት የሚያስበላ» እያሉ ይነቅፉታል። እኔ ግን ነቀፌታው ተገቢ አይመስለኝም። በገዛ እጁ ሞላ አውጥቶ ያስገባ፤ አንድ ቡሎን ሲላላ የቱ ክፍል እንደሚናጋ በዓይኑ ያየ ሰው፤ ከመጽሐፍ ብቻ ከተማረው ያላነሰ ዕውቀት ያገኛል። ነቀፌታ የሚገባው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም ሳይለኩ ማስተካከል ነው።

ነገሩን በግልጽ ለማስረዳት አንዲት ትንሽ ዕቃ በምሳሌነት አቀርባለሁ። የመኪና አሳማሪዎች «ካምበር ፕሌት» ይሏታል። በመኪናው የፊት ሞተር ክፍል ውስጥ፤ ከግራና ከቀኝ ጎማዎች በላይ የምትታሰር፤ ወዲያና ወዲህ የምትንሸራተት የብረት ሰሌዳ ናት። ሰሌዳዋ ወደ ሞተሩ ስትሳብ የጎማው ራስ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ ወደ ውጭ ስትገፋ ጎማው ይቃናል። አራት አምስት ቡሎን አላልቶ፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ገፍቶ፤ እንደገና ማጥበቅ ነው። ሥራው ይህን ያህል ቀላል መስሎ ስለሚታይ አደጋው የሚመጣው ከቅለቱ ነው።

በመጀመሪያ ዕቃዋ የምትቀመጥበትን ቦታ እንወቅ። በዛሬው ዘመን ከምናያቸው አነስተኛ መኪናዎች አብዛኞቹ የፊት ጎማቸውን የተሸከመው ሞላና ሾክ አብዞርበር በአንድ ላይ የተጣመሩበት ቋሚ ምሰሶ ነው። ይህን አሠራር ያስፋፋው አሜሪካዊው መሐንዲስ ኧርል ማክፈርሰን ነው። ማክፈርሰን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሸቭሮሌት ካዴት ትባል ለነበረች ትንሽ መኪና አሳቡን ነደፈ፤ መኪናዋ ግን ለገበያ ሳትደርስ ቀረች። እርሱም ወደ ፎርድ ኩባንያ ተዛወረ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ 1950 በእንግሊዝ አገር የቀረቡት ፎርድ ኮንሱልና ዜፈር ይህንኑ ምሰሶ ይዘው ወጡ። አሠራሩ ርካሽና ቀላል ስለ ሆነ ዓለምን አዳረሰ። ምሰሶው ከታች በአንድ ክንድ ይያዛል፤ ከላይ ደግሞ በመኪናው አካል ላይ በጎማ ትራስ አማካይነት ይታሰራል። ካምበር ፕሌት የምትተካው ይህንኑ የላይኛውን ማሰሪያ ነው።

ይህ አሠራር በቀላልነቱ ቢመሰገንም አንድ ድካም አለበት። መኪናው በፍጥነት ሲታጠፍ አካሉ ወደ ውጭ ይጋደማል፤ ምሰሶው የአካሉ ተከታይ ስለ ሆነ ጎማውም አብሮ ይጋደማል። ስለዚህ ሸክሙን ሁሉ የተሸከመው የውጭው ጎማ በውጭ ጠርዙ ብቻ መሬቱን ይይዛል። መሐንዲሶች ለዚህ ያገኙት መድኃኒት፤ ጎማው በቆመበት ጊዜ ራሱ ጥቂት ወደ ውስጥ ያዘነበለ እንዲሆን ማድረግ ነው። አካሉ በመታጠፊያው ላይ ሦስት ዲግሪ ያህል ቢጋደም፤ አስቀድሞ ወደ ውስጥ ያዘነበለው ጎማ በዚያች ደቂቃ ቀጥ ብሎ በሙሉ ፊቱ መሬቱን ይረግጣል። በውድድር ሜዳ ላይ ባለምሰሶ መኪና የሚነዱ ሰዎች ሁለት ዲግሪ ተኩል፤ ሦስት ዲግሪ፤ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚያዘነብሉት ለዚህ ነው። ለተራ መንገድ የተሠራ መኪና ግን ከፋብሪካው ሲወጣ ወደ ቀጥታ የቀረበ ነው፤ አንድ ዲግሪ የሚደርሰውም ቢሆን ብዙ ነው አይባልም።

በእኛ አገር ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ከሁሉ ይልቅ የተመቸው መኪና፤ ሕዝቡ «ዲኤክስ» እያለ የሚጠራው አሮጌው ቶዮታ ኮሮላ ነው። ይህ ኮሮላ በአውሮፓ አቆጣጠር በ 1979 ለገበያ የወጣው አራተኛ ትውልድ ሲሆን፤ የፊት ጎማው በማክፈርሰን ምሰሶ የተያዘ፤ ኃይሉ በኋላ ጎማ የሚሠራ፤ ቅርጹ እንደ ሣጥን ማዕዘን ያለው ነው። በ 1983 የወጣውና ጃፓኖች በተራራ መንገድ ለማንሸራተት የወደዱት፤ እነ ኬይቺ ትሱቺያ ስም ያተረፉበት፤ «ኤኢ 86» የተባለው ኮሮላ የቅርብ ዘመዱ ነው። ስለዚህ ለአንዱ የተሠራው የፊት ዕቃ ለሌላው በጥቂት ማስማሚያ ይሆናል። ወጣቶቻችንም አሮጌውን የሞላ መቀመጫ ከምሰሶው ላይ አስቆርጠው፤ ጥርስ የወጣለት ቱቦ አስበይደው፤ ከፍታው በቀለበት የሚስተካከለውን «ኮይልኦቨር» የተባለውን ሞላ ያስገባሉ። ካምበር ፕሌቷም ከላይ ትከተላለች።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሥራ የሚደነቅ እንጂ የሚነቀፍ አይደለም። በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ሁለት ወገኖች ሲከራከሩ እንሰማለን። አንደኛው ወገን «ፋብሪካው የሠራውን አትንካ፤ መሐንዲሱ ከአንተ ይበልጣል» የሚል ነው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ዕቃው የእኔ ነው፤ ዓይኔን ደስ እንዳለው አደርገዋለሁ» ይላል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ዋናውን ነገር ስተዋል።

አትንካ የሚለው ወገን የዘነጋው ነገር አለ። አርባ ዓመት ያለፈው መኪና ከፋብሪካ እንደ ወጣ አይደለም። ሞላው ዘቅዝቋል፤ የጎማ ትራሱ ደርቋል፤ አካሉ አንድም ሁለትም ጊዜ ተጋጭቶ ተቀጥቅጧል። የግራው ምሰሶና የቀኙ ምሰሶ አንድ ዓይነት ማዕዘን ይዘው ከተገኙ ዕድለኛ ነው። እንዲህ ላለው መኪና የሚንሸራተት ሰሌዳ ቅንጦት ሳይሆን የተጣመመውን መልሶ ማቅኛ መሣሪያ ነው። ከዚህም በቀር በ 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ማስታወቁ ይታወሳል። እንግዲህ በእጃችን ያለው የቤንዚን መኪና ዕድሜው ሊረዝም ስለ ሆነ፤ አሮጌውን ማቃናት የሚችል እጅ ከቀድሞው ይልቅ ይፈለጋል ማለት ነው።

ዓይኔን ደስ እንዳለው አደርገዋለሁ የሚለው ወገን ግን ከዚህ የባሰ ስሕተት ላይ ነው። ዝንባሌ የሥራ መሣሪያ እንጂ ጌጥ አይደለም። የፊት ጎማውን አምስትና ስድስት ዲግሪ አዘንብሎ፤ መኪናውን ከመሬት ጋር አጣብቆ፤ በአደባባይ የሚያልፍ ሰው የውድድር መኪና የነዳ ይመስለዋል። ዳሩ ግን የውድድሩ ሰው ያን ማዕዘን የመረጠው በመታጠፊያው ላይ ጎማው ቀጥ እንዲል ነበር። በቀጥታው የከተማ መንገድ ላይ በሃምሳ ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና አካሉ አይጋደምም፤ ስለዚህ ጎማው እንዳዘነበለ ይኖራል፤ በውስጥ ጠርዙ ብቻ ይሄዳል። አንድ ሕፃን ልጅ በድንገት ወደ መንገዱ ቢገባ፤ ነጂውም ፍሬን ቢረግጥ፤ መሬቱን የሚይዘው የጎማው ሙሉ ፊት ሳይሆን ቁራጩ ነው። በክረምት ዝናብ ጊዜማ ነገሩ የባሰ ይሆናል።

ሌላም የተደበቀ አደጋ አለ። ያዘነበለ ጎማ የሚያልቀው በውስጥ በኩል ነው፤ በውስጥ በኩል ያለው ደግሞ ቆሞ ለሚያይ ሰው አይታይም። ባለመኪናው በየቀኑ የውጩን ጥርስ እያየ «ገና አዲስ ነው» ሲል፤ በውስጥ ያለው ጥርስ አልቆ ክሩ ብቅ ሊል ይችላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንደሚባለው፤ እንዲህ ያለው ጎማ የሚፈነዳው በረጅም ጉዞ፤ ሰው በሞላበት ሰዓት ነው።

መኪናውን ከልክ በላይ ዝቅ ማድረግም እንደዚሁ የሚያሳስት ነገር ነው። ብዙ ሰው ዝቅ ያለ መኪና ሁሉ መንገድ የሚይዝ ይመስለዋል። ነገር ግን በማክፈርሰን አሠራር የታችኛው ክንድ ከአካሉ ወደ ጎማው ሲሄድ ጥቂት ወደ ታች ያዘቀዘቀ ሲሆን፤ መኪናው ሲጫን ጎማው መልካሙን ዝንባሌ ይጨምራል። አካሉ በጣም ዝቅ ብሎ ክንዱ ወደ ላይ ከተንጋደደ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ መኪናው ሲጫን ጎማው መልካሙን ዝንባሌ ያጣል፤ አካሉም የበለጠ መጋደም ይጀምራል። እንግዲህ ሰውዬው መኪናውን ዝቅ በማድረግ ያበላሸውን በካምበር ፕሌት ሊጠግን ይሞክራል፤ ይህም ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከዝንባሌው ይልቅ ጎማ የሚበላው፤ ዝንባሌውን ሲነኩ ሳይታወቅ የሚዛባው የአቅጣጫ ማዕዘን ነው። የአላይመንት ባለሙያዎች «ቶ» የሚሉት ይህንኑ ነው። የምሰሶው ራስ ወደ ውስጥ ሲሳብ ጎማው በታችኛው ኳስ ላይ ይዞራል፤ የመሪው ዘንግ ግን ርዝመቱ ስለማይለወጥ ጎማውን ወይ ወደ ውስጥ ወይ ወደ ውጭ ያዞረዋል። በሌላ አነጋገር ሁለቱ የፊት ጎማዎች እንደ ሁለት እግሮች ናቸው፤ ካምበሩን ያስተካከለ ሰው ሳያውቀው የእግሮቹን ጣቶች ያጣምማል።

ይህ ምን ያህል ጉዳት እንዳለው በቁጥር እንየው። አንድ ጎማ ከጉዞው አቅጣጫ በአንድ ዲግሪ ቢዛባ፤ አንድ ኪሎ ሜትር በተጓዘ ቁጥር 17 ሜትር ተኩል ያህል ወደ ጎን እየተፋተገ ነው የሚሄደው። ግማሽ ዲግሪ እንኳ ቢሆን ዘጠኝ ሜትር ገደማ ነው። በቀን ሃያ ኪሎ ሜትር ብቻ የሚሄድ መኪና አንድ ዲግሪ የተዛባ ጎማውን በየቀኑ 350 ሜትር በአስፋልት ላይ ወደ ጎን እንደ መሞረድ ያህል ይጎትተዋል ማለት ነው። ጎማ ዛሬ የቀላል ገንዘብ ዕቃ አለመሆኑን ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። በሁለት ወር ጎማው ያለቀበት ሰው «ጎማው ጥራት የለውም» ብሎ ነጋዴውን ሲረግም ይሰማል፤ ጥፋቱ ግን ከጎማው አይደለም።

እንግዲህ ሥራው እንዴት መሠራት ይገባዋል? በመጀመሪያ የሕይወት ጉዳይ ይቀድማል። መኪናው በክሪክ ብቻ ተደግፎ ሰው ከሥሩ አይገባም፤ ጠንካራ መቆሚያ ይደረግለታል። የምሰሶውን የመሐል ዳዶ ሞላው ተጨምቆ ሳለ ማንም አይፍታ፤ የተጨመቀ ሞላ ሲለቀቅ እንደ ጥይት የሚወነጨፍ ነውና በመጨመቂያ መሣሪያ መያዝ አለበት። ቱቦውን የሚበይደውም ሰው ጥርጣሬ የሌለበት በያጅ ይሁን፤ ያ ብየዳ የመኪናውን ክብደትና የተሳፋሪውን ነፍስ የሚሸከም ነው። ቡሎኖቹ ሠሪው ባዘዘው ልክ በመለኪያ ቁልፍ ይጠበቃሉ እንጂ «ጠንከር ብሏል» ተብሎ በክንድ ግምት አይታለፉም። በመጨረሻ መሪው እስከ ዳር ድረስ በግራም በቀኝም ተዞሮ የፍሬኑ ቱቦ አለመወጠሩና ሞላው ከአካሉ ጋር አለመነካካቱ ይታያል።

ስለ ዕቃዋ ምርጫም አንድ ቃል ልጨምር። ብዙዎቹ ካምበር ፕሌቶች የጎማውን ትራስ አስወግደው በምትኩ የብረት ኳስ ያስገባሉ። በውድድር ሜዳ ይህ መልካም ነው፤ መሪው ቶሎ ይታዘዛል። ነገር ግን ጉድጓድና አቧራ በበዛበት መንገድ ብረት በብረት ላይ ሲሠራ ይጮኻል፤ ቶሎም ይላላል። ስለዚህ በየቀኑ ቤተሰብ ለሚጭን መኪና ትራሱን ጠብቆ የሚንሸራተተው ዓይነት ይሻላል ባይ ነኝ።

ከዚህ በኋላ መለካት ይመጣል። «አላይመንት የሚሠራ ማሽን በአጠገባችን የለም» የሚል ምክንያት ብዙ ጊዜ ይቀርባል። ይህ ምክንያት አያስኬድም። ግንበኛ ቤት የሚሠራው በቱንቢና በውሃ ልክ ነው፤ ለጎማም እነዚሁ ይበቃሉ። መኪናው በውሃ ልክ በተመረመረ ደልዳላ መሬት ላይ ይቁም፤ ጎማዎቹ እኩል ይነፉ፤ በነጂው ወንበር ላይ የሰው ያህል ክብደት ይቀመጥ። ሞላው እንዲረጋ መኪናው ጥቂት ሜትር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋ። ከዚያ ቱንቢው በጎማው ፊት ለፊት ተንጠልጥሎ፤ ከክሩ እስከ ቸርኬው የላይ ጠርዝና እስከ ታች ጠርዝ ያለው ርቀት ይለካል። ቸርኬው ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 40 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በሁለቱ መካከል የሚገኘው 7 ሚሊ ሜትር ልዩነት አንድ ዲግሪ ማለት ነው። ለአቅጣጫው ደግሞ ሲባጎ በመኪናው ግራና ቀኝ ትይዩ ሆኖ ይወጠርና ከሲባጎው እስከ ቸርኬው የፊት ጠርዝና የኋላ ጠርዝ ይለካል። እዚህም ሒሳቡ ያው ነው፤ 7 ሚሊ ሜትር አንድ ዲግሪ ነው።

ሰሌዳዋን ምን ያህል መግፋት እንደሚገባም በሒሳብ ይታወቃል። ከታችኛው ኳስ እስከ ላይኛው ማሰሪያ ያለው ርዝመት 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፤ የላይኛውን ራስ አሥር ሚሊ ሜትር ተኩል ወደ ውስጥ መሳብ አንድ ዲግሪ ያህል ይሰጣል። ይህን ያወቀ ሰው ሰሌዳዋን እስከ መጨረሻው ጎትቶ «አሁን አማረ» አይልም። ለከተማ መንገድ አንድ ዲግሪ፤ ፈጠን ብሎ ለሚነዳ አንድ ዲግሪ ተኩል ይበቃል፤ ግራና ቀኙም እኩል ይሁን።

ቅደም ተከተሉም አይዘንጋ። በመጀመሪያ ከፍታው ይወሰናል፤ ቀጥሎ ዝንባሌው፤ በመጨረሻ አቅጣጫው። ፊተኛው የኋለኛውን ስለሚያዛባ ይህን ሥርዓት የገለበጠ ሰው ሥራውን ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው። የተገኘው ቁጥር በወረቀት ይጻፍ፤ ሰሌዳዋ የቆመችበት ቦታ በቀለም ምልክት ይደረግባት፤ ጥቂት ከተነዳ በኋላም ቡሎኖቹ እንደገና ይፈተሹ። «መንገዳችን ጉድጓድ ስለ ሆነ ብንለካም ነገ ይዛባል» የሚል ካለ፤ መልሱ ቀላል ነው። ልብስ ነገ ይቆሽሻልና ዛሬ አይታጠብ አይባልም። ጉድጓድ በበዛበት አገር መለካት የሚገባው አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሞ ነው።

ከዚህ ሁሉ የተነሣ የምመክረው ሦስት ነገር ነው። ጋራዦች ካምበርም ሆነ ሞላ የነኩበትን መኪና ለባለቤቱ ሲመልሱ፤ ከሥራው በፊትና በኋላ የነበረውን ቁጥር የያዘ ወረቀት አብረው ይስጡ። ባለመኪናውም ወረቀቱን ይጠይቅ፤ ቁጥር የማይሰጥ መካኒክ በግምት የሠራ ነውና ሒሳቡን ከመክፈሉ በፊት ያስለካ። በየዓመቱ ለቦሎ ምርመራ የሚቀርበው የተሻሻለ መኪና ደግሞ «ተነክቷል» ተብሎ ብቻ አይነቀፍ፤ «አምሯል» ተብሎም አይታለፍ፤ ጎማው በውስጥ በኩል ይታይ፤ ማዕዘኑ ይለካ፤ ብየዳው ይመርመር። እንዲህ ከተደረገ በጥንቃቄ የሠራው ወጣት ይከበራል፤ በግዴለሽነት የሠራው ይታረማል።

አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ የሚለው ያባቶች ምክር ለልብስ ሰፊና ለአናጢ ብቻ የተነገረ መስሎን ከሆነ ተሳስተናል። የማይስተካከል ዕቃ ስሕተቱ የሠሪው ነው፤ የሚስተካከል ዕቃ ግን ኃላፊነቱን ከሠሪው አውጥቶ በተጠቃሚው እጅ ያስቀምጠዋል። ካምበር ፕሌት የገዛ ወጣት የገዛው ብረት ብቻ አይደለም፤ የመሐንዲሱንም ሥልጣን ጭምር ነው። ይህን ሥልጣን በዓይን ግምት ሊሠራበት አይገባም። አብራው የምትሳፈረው እናቱ፤ በመንገድ ዳር የሚሄደው መንገደኛ፤ ከፊቱ የሚመጣው ሌላው ነጂ፤ ሁሉም በዚያች ሰባት ሚሊ ሜትር ላይ ድርሻ አላቸው።